የጎጃም የዘወትር ጫማዎች፦ ስማቸውና የሚደረጉበት ጊዜ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ጎጃም ለሚመጡ እንግዶች፣ ለተመደቡ ተማሪዎችና ለገጠር ዘመድ ጫማ ለሚገዙ ሁሉ፣ ቶሎ ቶሎ የሚነሱት ጥያቄዎች እነሆ ከነመልሳቸው።

ነጠላ ጫማ የሚባለው የትኛው ነው?

ተረከዙ ክፍት የሆነ፣ እግር ሰተት ብሎ የሚገባበት ቀላል ጫማ ነው። ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው በአውራ ጣትና በቀጣዩ ጣት መሃል የሚገባ ማንገቻ አለው። ሌላው ከላይ በአንድ ሰፊ ማሰሪያ እግርን ያቅፋል። ሱቅ ውስጥ ሁለቱም ነጠላ ጫማ ናቸው። ወጣቶች ሁለተኛውን ስላይድ ማለት ጀምረዋል፤ ስሊፐር የሚለውም ብዙ ነው። ትልልቅ ሰዎች ዘንድ ደግሞ ሸበጥ የሚለው ስም አሁንም አለ።

ባለሱቋን «ነጠላ አለሽ?» ብላችሁ ብትጠይቁ የሚለበሰውን ነጠላ ታወጣላችኋለች። በተለይ ልብስና ጫማ ጎን ለጎን በሚሸጥበት ገበያ ይህ ያጋጥማል። ስለዚህ «ጫማ» የምትለዋን አትተዉ።

ኮንጎ ጫማስ?

ኮንጎ በቅርጽ ማውጫ ተጋግሮ የሚወጣ የፕላስቲክ ጫማ ነው። ስፌት የለውም፤ ሶሉም ላዩም አንድ ወጥ ነው። አንዳንዱ ሙሉ ሽፍን ሆኖ የቆዳ ጫማ አስመስለው ይሠሩታል። ሌላው ጎንና ጎኑ ክፍት፣ ከኋላ በዘለበት የሚታሰር ሰንደል ነው። ላስቲክ ጫማ ወይም ፕላስቲክ ጫማ ብትሉም ነጋዴው ይገባዋል።

በጎጃም ገጠር ከአረንጓዴው ቁምጣ፣ ከጋቢና ከዱላ ጋር አብሮ የሚታየው ይኸው ጫማ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዋጋው ከቆዳ ጫማ በብዙ ያንሳል። ወንዝ ቢሻገሩበት አይበላሽም። ጭቃ ሲይዘው ምንጭ ዳር ለቅለቅ አድርገው መንገድ ይቀጥሉበታል። ቀለምም ሊስትሮም አይፈልግም። ለሰፊው ገበሬ እግር እንደ ኮንጎ የደረሰለት ጫማ የለም ብል ማጋነን አይመስለኝም።

በረባሶና ኮንጎ አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። በረባሶ ካረጀ የመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራ ክፍት ጫማ ነው። ኮንጎ ከፋብሪካ ይወጣል፤ በረባሶ ግን የእጅ ሥራ ነው።

አሠራሩን ቁጭ ብሎ ላየ ሰው ደስ ይላል። ሠሪው መጀመሪያ ጎማውን በስለት ይሰነጥቅና ያነጥፈዋል። ከዚያ የደንበኛውን እግር በላዩ አስቁሞ ዙሪያውን ያሰምራል። በመስመሩ ተከትሎ ይቆርጠዋል። ስለቱ ጎማው ውስጥ እንዳይያዝበት እየደጋገመ ውሃ ያስነካዋል። ማሰሪያውን ከጎማው የውስጥ ላስቲክ ያወጣል። ሁለት ከፊት ያመሳቅላል፣ አንድ ተረከዝ ላይ ያዞራል፤ ጫፎቹን በሶሉ ጎንና ጎን አስገብቶ በአጫጭር ሚስማር ይመታቸዋል። ሲጨርስ ደንበኛው ተጫምቶት ጥቂት ይራመዳል፤ የላላው ይጠብቃል፣ የጠበቀው ይላላል። በልክ የተሠራ ጫማ ማለት ይህ ነው።

ጥንካሬው ሌላ ነው። ሶሉ የመኪና ጎማ ስለሆነ እሾህ በቀላሉ አይወጋውም፤ ጠጠርም አይበላውም። ክብደቱ ግን ይሰማል። አዲስ ሲሆን ደግሞ ማሰሪያው ቆዳ ይልጣል።

ሸራ፣ ስኒከርና ስፖርት ጫማ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሸራ ላዩ ከወፍራም ጨርቅ፣ ሶሉ ከላስቲክ የሆነ ጫማ ነው። ቀላል ነው፤ ይታጠባል፤ ለተማሪ ይመቻል። ስፖርት ጫማ ለሩጫና ለጨዋታ የሚሆነው፣ ሶሉ ወፈር ያለው ነው። ስኒከር የሚለው ስም የከተማ ልጆች ዘንድ ሁለቱንም ጠቅልሎ ይይዛል። ታኬታ ሲባል ግን ሶሉ ላይ ጥርስ ያለው የእግር ኳስ ጫማ ብቻ ነው።

ክፍትና ሽፍን ሲባልስ?

ጣት ወይም ተረከዝ የሚታይበት ሁሉ ክፍት ጫማ ነው፤ ነጠላ ጫማ፣ ሰንደል፣ በረባሶ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። እግርን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ሽፍን ነው። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ «ሽፍን ጫማ አድርጉ» ከተባላችሁ የሚፈለገው ይህ ነው። እስከ ባት የሚደርሰውን የጎማ ጫማ ደግሞ አንዱ ቦት ጫማ፣ ሌላው ቦቲ፣ ሌላው ቡትስ ይለዋል። ሦስቱንም ብትሉ ያው ጫማ ይቀርብላችኋል።

«የክት ጫማ» እና «የዘወትር ጫማ» ሲሉ እሰማለሁ። ምን ለማለት ነው?

የክት ማለት ተከቶ፣ ተቀምጦ ለዓመት በዓል፣ ለሠርግና ለንግሥ የሚወጣ ነው። የዘወትር የዕለት ተዕለት ነው። አንድ ዓይነት ጫማ በአንዱ ቤት የክት፣ በሌላው ቤት የዘወትር ሊሆን ይችላል። ሸራ ከተማ ላይ የዘወትር ነው። ገጠር ያለች ልጅ ግን አዲስ ሸራዋን ለጥምቀት ብላ ታስቀምጠዋለች።

የገበያ ቀን መንገድ ዳር ቆማችሁ ብታዩ ይህ በደንብ ይገባችኋል። ከሩቅ የሚመጣው ሰው ጥሩ ጫማውን በዱላው ጫፍ አንጠልጥሎ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ ይመጣል። ከተማው መግቢያ ላይ ሲደርስ ድንጋይ ላይ ቁጭ ይላል። እግሩን ይታጠባል ወይም በሣር ይጠራርጋል፤ ከዚያ ይጫማል። ጫማው ውድ ነው፤ ረጅሙን የጠጠር መንገድ ቢሄድበት ቶሎ ያልቅበታል። ሰውየው የሚያደርገውን ያውቃል። የእግሩ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ እሱን ከታች እመለስበታለሁ።

ለክረምት የትኛውን ላድርግ?

መጀመሪያ የምትሄዱበትን አፈር ጠይቁ። ጎጃም ሁሉ አንድ ዓይነት ጭቃ የለውም።

በምሥራቅ በኩል፣ ደጀንና ቢቸና አካባቢ፣ ብዙው መሬት ዋልካ ነው። ጥቁር፣ ለጤፍ ተስማሚ የሆነ አፈር ነው። በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ጫማ ይዞ ያስቀራል። እግር ይወጣል፣ ጫማው እዚያው ይቀራል። በዋልካ ላይ ነጠላ ጫማ አይታሰብም። ሰፊ ቦት ጫማም ከእግር ላይ ይሾልካል። የሚሻለው በልክ የሆነ፣ በደንብ የሚታሰር ወይም እግርን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ነው። ቦት ከመረጣችሁ በወፍራም ካልሲ እግራችሁን ሞላ አድርጉት።

በምዕራብ በኩል፣ መራዊ፣ ቡሬና እንጅባራ መስመር ላይ፣ ቀይ አፈር ይበዛል። ቀይ አፈር እንደ ዋልካ አይውጥም፤ ዳገት ላይ ግን ያዳልጣል። እዚህ የሶሉ ጥርስ ነው ዋናው። ሶሉ ልሙጥ የሆነ ያረጀ ኮንጎ ተጫምቶ ቁልቁለት መውረድ ለውድቀት መዘጋጀት ነው። ስትገዙ ገልብጣችሁ ሶሉን እዩ፤ ጥርሱ ጠለቅ ያለውን ውሰዱ።

አባይ በረሃ ወይም ጮቄ ብሄድስ?

ወደ አባይ ሸለቆ ስትወርዱ ሙቀቱም እሾሁም ይጨምራል። ስስ ፕላስቲክ በፀሐይ ይግላል፤ የግራር እሾህም ይበሳዋል። በረባሶ የሚከበረው እዚህ ነው። ከሌለ ሶሉ ወፍራም የሆነ ሽፍን ጫማ ይሁን። ጮቄ ተቃራኒው ነው። ተራራው ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ ጠዋትና ማታ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሽፍን ጫማና የሱፍ ካልሲ ያዙ፤ ለመቀየሪያ የሚሆን ደረቅ ካልሲም አይጥፋ።

ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመድቤያለሁ። ምን ይዤ ልምጣ?

ሁለቱ ከተሞች አየራቸው የተለያየ ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ይቀዘቅዛል፤ ክረምቱ ረጅም ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጣና ዳር፣ ሞቅ ያለ ከተማ ነው።

ለሁለቱም አንድ ሽፍን ጫማና አንድ ነጠላ ጫማ ግድ ነው። ነጠላ ጫማው ለመኝታ ክፍል ብቻ ሳይሆን በተለይ ለመታጠቢያ ቤት ነው። ብዙ ሰው በሚታጠብበት እርጥብ ወለል ላይ ባዶ እግር መቆም የጣት መሃል ፈንገስ ያመጣል። ደብረ ማርቆስ ለምትመጡ ውሃ የማያስገባ ጫማ ጨምሩ። ባሕር ዳር ለምትሄዱ ሰንደል ብዙውን ወር ይበቃችኋል። ሸራ ብቻ ይዞ የመጣ ተማሪ በሐምሌ ይቸገራል። ሸራ አንዴ ከራሰ በዚያ አየር ቶሎ አይደርቅም።

በነጠላ ጫማ የት የት መሄድ ነውር ነው?

ሰፈር ውስጥ፣ ሱቅ፣ ወፍጮ ቤት፣ ጎረቤት ቡና ለመጠጣት፣ ማንም ምንም አይላችሁም። የቅርብ ጎረቤት ለቅሶ በድንገት ሲሰማ በነጠላ ጫማ የሮጠች ሴትም አትነቀፍም። እንዲያውም ደንግጣ መውጣቷ ነው የሚታይላት። ለቀብር ግን ሽፍን ይሻላል፤ መንገዱም ረጅም ነው፣ የመቃብር ቦታውም ድንጋይ ነው።

ቢሮ፣ ባንክ፣ ትምህርት ቤት ለወላጅ ስብሰባ፣ ሽምግልና ሲኬድ በነጠላ ጫማ አይሆንም። በተለይ ሽምግልና! ልጅ ለመጠየቅ የሄደ ሽማግሌ አለባበሱ ከላይ እስከ ታች ይታያል። ሽፍን ኮንጎ ያደረገ አያ እገሌ ግን በየትኛውም ሸንጎ ላይ ይከበራል። ንጹሕ እስከሆነ ድረስ እንደ ማንኛውም ሽፍን ጫማ ነው፤ የሚያሳፍርበት ምክንያት የለም።

ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የትኛው ይሻላል? የት ነው የማወልቀው?

ቶሎ የሚወልቅና ቶሎ የሚጠለቅ ምረጡ። ክር የበዛበት ጫማ በር ላይ ሰው ያስቆማል። ወደ ሕንጻው ሲገባ ጫማ ይወልቃል። ሥርዓቱ ሙሴ በኮሬብ ተራራ ጫማውን እንዲያወልቅ ከታዘዘበት ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። አንዳንድ ገዳማት ላይ ገና ቅጥር ሲገባ ይወልቃል፤ በጣና ገዳማትም ሆነ በገጠር ደብር፣ ከፊታችሁ ያሉት ምዕመናን የት እንዳወለቁ አይታችሁ ተከተሉ። መስጊድም ስትሄዱ ያው ነው፤ ከመግቢያው ይወልቃል።

በንግሥ ቀን ጫማ መቀላቀል የታወቀ ነው። ኮንጎ ከኮንጎ፣ ጥቁሩ ከጥቁሩ ጋር፣ ቁጥሩም አንድ ነው። የሚወስደው ሰው ብዙውን ጊዜ ሌባ አይደለም፤ ተመሳስሎበት ነው። ማሰሪያው ላይ ባለቀለም ክር ቋጥሩበት፤ ካልሆነም በፌስታል ይዛችሁ ግቡ። ወለሉ ለሚቀዘቅዝበት ደብር ካልሲ መልካም ነው።

ሰው ቤት ስገባ ጫማ ላውልቅ?

ገጠር የጭቃ ወለል ላይ፣ ቄጠማ የተጎዘጎዘበት ቤት፣ ከነጫማ መግባት የተለመደ ነው። ጭቃውን ደጃፍ ላይ ካራገፋችሁ ይበቃል። ከተማ ላይ ሴራሚክና ምንጣፍ ከመጣ ወዲህ ልማዱ ተቀይሯል። በር ላይ ጫማ ተደርድሮ ካያችሁ አውልቁ። ባለቤቷ «ኧረ ግቡ፣ አታውልቁ» ብትልም ምንጣፉ አዲስ ከሆነ ማውለቁ ይሻላል። ብዙ ቤት ለእንግዳ የሚሆን ነጠላ ጫማ አለ፤ ሲቀርብላችሁ ተቀበሉ።

አንድ የድሮ ደግነት አለ። መንገደኛ ወደ ማታ ሲደርስ የቤቱ ልጅ ለብ ያለ ውሃ ይዞ መጥቶ እግር ያጥባል። በጎጃም ገጠር ይህ አሁንም አልጠፋም። «ተዉ፣ ራሴ እታጠባለሁ» ብሎ መግደርደር ይቻላል፤ ጨርሶ እምቢ ማለት ግን ቅር ያሰኛል።

ኮንጎዬ ተቀደደ። ይጠገናል?

ይጠገናል፤ ስፌት ግን አይሆነውም። መርፌ የገባበት ፕላስቲክ በዚያው በቀዳዳው መስመር መልሶ ይቀደዳል። ጥገናው በእሳት ነው። የገበያ ቀን አንዲት የከሰል ምድጃ፣ ጠፍጣፋ ብረትና ክምር አሮጌ ኮንጎ ከፊቱ አድርጎ የተቀመጠ ሰው ፈልጉ። ብረቱን ያግለዋል። ከአሮጌው ጫማ ተመሳሳይ ቀለም ያለው ቁራጭ ይቆርጣል። የጋለውን ብረት በቁራጩና በተቀደደው መሃል ያስገባና ሁለቱም መቅለጥ ሲጀምሩ ስቦ ያወጣዋል። ወዲያው በአውራ ጣቱ ይጫነዋል። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ሥራው ግን የሚያልቀው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። በደንብ የተጣበቀ ቦታ ከሌላው ይልቅ ጠንካራ ይሆናል።

ቤት ውስጥ አትሞክሩት። የፕላስቲክ ጭስ ለሳንባ መጥፎ ነው፤ ቀልጦ እጅ ላይ ከወደቀም ክፉኛ ያቃጥላል።

ኮንጎ እግር ያሸታል፣ ያልባል ይላሉ። መፍትሔው ምንድን ነው?

እውነት ነው። ፕላስቲክ አየር አያስገባም፤ ላቡም መውጫ የለውም። ማታ እግራችሁን በሳሙና ታጠቡ። የጣቶቻችሁን መሃል በደንብ አድርቁ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ጫማውንም ውስጡን አጥባችሁ አዘቅዝቁት። የሚቻል ከሆነ የጥጥ ካልሲ ይኑራችሁ፤ በየቀኑ ይታጠብ። ጣት መሃል ነጭ ሆኖ ከተላላጠና ካሳከከ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ታዩ።

አባቶቻችን በባዶ እግር ኖረው የለ? ጫማ የግድ ነው?

የግድ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ለዘብ ማለት አልችልም፤ ጎጃም ውስጥ ከዚህ የበለጠ የእግር ጉዳይ የለም። ብዙዎቹ አባቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን ያበጠ እግር ይዘው ኖረዋል። በሽታው በተለምዶ ዝሆኔ ይባላል፤ የሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም በአገራችን በሽታው በብዛት ከሚታይባቸው አካባቢዎች መካከል ናቸው።

አመጣጡ እንዲህ ነው። በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መፈራረስ የተፈጠረ ቀይ የሸክላ አፈር፣ ዝናብ በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ ላይ አለ። በዚያ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ ረቂቅ የማዕድን ብናኞች በቆዳ በኩል ይገባሉ። ከእግር ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ያስቆጣሉ፣ ይዘጋሉ። እብጠቱ ከእግር መዳፍ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። ትል የለውም፤ ትንኝ አያመጣውም፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በቆላማ ቦታዎች በትንኝ የሚመጣ ሌላ ዓይነት ዝሆኔ አለ፤ የደጋው ግን የአፈሩ ነው። በአንዳንድ ቤተሰብ የሚበዛው ተጋላጭነቱ በዘር ስለሚወረስ ነው። እነዚያም ቢሆኑ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከተጫሙ አይታመሙም።

እርግማን ነው፣ መተት ነው፣ የረገጠው ነገር ነው እየተባለ ስንት ሰው ከማኅበር ተገለለ! ስንት ልጅ ትዳር ተከለከለ! እግሩ ካበጠ ሰው ጋር መብላትም መተኛትም ምንም አያመጣም። ይህን ለሰፈራችሁ ንገሩ።

ታዲያ የትኛውም ጫማ ይከላከላል? ነጠላ ጫማና በረባሶ አድርጎ ማረስስ?

ጥያቄው ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የጫማው ሥራ አፈሩን ከቆዳ መለየት ነው። ክፍት ጫማ ከእሾህና ከድንጋይ ያድናል፤ ሙጀሌንም ይቀንሳል። አፈሩ ግን በጎን ይገባል፤ ላብ ከወረደው ቆዳ ጋር ተጣብቆ ይውላል። ስለዚህ ለማረስ፣ ለመኮትኮትና ለአጨዳ ሽፍን ጫማ ይመረጣል፤ ሽፍን ኮንጎ ከካልሲ ጋር ጥሩ ነው። ክፍት ብቻ ያለው ሰውም ከባዶ እግር ይሻለዋል፤ ግን ማታ ማታ ሳይታጠብ አይደር።

ገበሬው በባዶ እግሩ የሚያርስበት ምክንያት አለው። የታረሰ መሬት ለስላሳ ነው፤ ጫማ ጓል ይሞላበታል፤ ይከብደዋል። ይህን ክርክር ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ትክክልም ነው። የምመክረው ሁለት ጫማ እንዲኖረው ነው። አንዱ ያረጀ፣ ለእርሻ ብቻ የሚሆን፤ ሌላው ለመንገድ። ጓሉን ጥማድ ሲያሳርፍ ያራግፈው።

እግሩ ማበጥ የጀመረ ሰውም ተስፋ አይቁረጥ። በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ በሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት፣ እግርን በየቀኑ መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰርና ካልሲና ጫማ ማድረግ ድንገት እየተነሳ የሚያስተኛውን ትኩሳትና ሕመም እንደሚቀንስ አሳይቷል። እብጠቱ ገና ሲጀምር ከሆነ መልሶ ሊቀንስም ይችላል። ወደ ጤና ጣቢያ ቶሎ መሄድ ነው።

ሌላ አገር ወይም ሌላ ክልል እነዚህን ጫማዎች ምን ይሏቸዋል?

ትግራይና ኤርትራ የፕላስቲኩን ሰንደል ሽዳ ይሉታል። አስመራ ላይ ለዚህ ጫማ ትልቅ ሐውልት ቆሞለታል፤ የታጋዮች ጫማ ስለነበር ነው። ሱማልኛ ተናጋሪዎች ነጠላ ጫማን ዳዓስ ይሉታል። ኬንያ ውስጥ በረባሶን የሚመስለው የጎማ ሰንደል አካላ ይባላል።

ውጭ ላላችሁ ደግሞ፣ አሜሪካ ውስጥ ባለማንገቻው ነጠላ ጫማ ፍሊፕ ፍሎፕ ነው፤ ሃዋይ ላይ ስሊፐርስ፣ ደቡብ አፍሪካ ስሎፕስ፣ ኒውዚላንድ ጃንዳልስ ይባላል። አውስትራሊያ ቶንግስ ይሉታል። ይህን የአውስትራሊያውን ስም ይዛችሁ አሜሪካ ሱቅ ገብታችሁ አትጠይቁ፤ እዚያ የሴት የውስጥ ልብስ ነው።

ገጠር ላሉት አባቴና እናቴ ጫማ ልገዛ ነው። ቁጥራቸውን አላውቅም።

በስልክ «ቁጥር ስንት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ «እኔ እንጃ ልጄ» ነው መልሱ። የሚያዋጣው ልክ ማስላክ ነው። እግራቸውን መሬት ላይ አቁመው፣ ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ድረስ በስንደዶ ወይም በሲባጎ ይለካ። የእግሩ ስፋትም በጣቶቹ ሥር በሌላ ሲባጎ ይለካ። ዕድሜውን በባዶ እግሩ የኖረ ሰው እግሩ ሰፊ ነው፤ ርዝመቱ ልክ ሆኖ ጎኑ የሚጠብ ጫማ ይገጥማችኋል። ያኔ አንድ ቁጥር ጨምሩ።

ልኩ የሚወሰደው ማታ ይሁን፤ እግር ቀኑን ሙሉ ሲኬድበት ትንሽ ያብጣል። ጫማውን ስትመርጡ እጃችሁን ውስጥ ከትታችሁ ዳሩን ዳብሱ። ፕላስቲኩ ላይ የቀረ ሹል ጠርዝ ካለ ተረከዝ ያቆስላል፤ ሌላ ይለወጥላችሁ። እግራቸው ያበጠ ከሆነ የገበያ ጫማ ላይገባቸው ስለሚችል በልክ የሚሠራ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሂዱ፤ ውስጡ ለስላሳ፣ ማሰሪያው የሚላላ እንዲሆን ንገሩት። ካልሲም ጨምሩበት፤ ቢያንስ ሁለት ጥንድ፣ አንዱ ሲታጠብ ሌላው እንዲደረግ።